«ባዲ» ማለት ምን ማለት ነው?

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ክንዱ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። አንተ፣ ባለቤትህ ሙሉነሽ፣ ልጆቹም እንደምን ናችሁ? የባሌ ጎባ ብርድስ እንዴት አድርጓችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ቤታችን ጨልሟል።

ታናሻችን አምሐ ታስሯል። ሌላ ጥፋት የለበትም፤ ቅዳሜ ዕለት በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ጓድ ሊቀመንበር» በማለት ፈንታ «ባዲ ሊቀመንበር» አለ። ሰው ሳቀ። ጉድ የሠራን ያ ሳቅ ነው። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቁሮ ምን ማለት ነው ቢለው፣ ጓድ ማለት ነው ብሎ መለሰ። ታዲያ ጓድ የሚል ቃል እያለልን ይህን ከየት አመጣኸው፣ ማን አስተማረህ አሉት። ከዚያው ከስብሰባው ወሰዱት። ይኸው እስከ ዛሬ ያስተማረውን ሰው ስም አልተናገረም።

ማን እንዳስተማረው አንተ ታውቃለህ። ያ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ መምህርህ ሲልህ ሰምተህ፣ ጣና ልትዋኙ ስትወርዱ አምሐን «ና ባዲ» እያልህ ትጠራው ነበር። እሱም ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ባልደረቦቹን ሁሉ በዚሁ ይጠራል። ሞኙ ልጅ፣ ሊቀመንበሩንም እንደ ባልደረባው ቆጠረው!

የቃሉን ትርጉም፣ አጠቃቀምና መነሻ አዋቂ ሰው ጽፎና ፈርሞ ካልሰጠ ወደ ደብረ ማርቆስ ወህኒ ቤት እንልከዋለን ብለውኛል። እዚያ ከተላከ ማን ያገኘዋል? እንግሊዝኛ ወደሚያስተምሩት ወደ መምህር አገኘሁ ቤት ሮጥሁ። በሩን ዘጉና መዝገበ ቃላታቸውን ገለጡልኝ። ወዳጅ ማለት ነው፤ የሚቀራረቡ ወንዶች የሚጠራሩበት የጨዋታ ቃል እንጂ ለአለቃና ለትልቅ ሰው አይባልም አሉኝ። መነሻው ግን በውል አይታወቅም። አንዳንዱ ሕፃን ልጅ በእንግሊዝኛ «ወንድሜ» ሊል ሲኮላተፍ የወጣ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ የእንግሊዝ አገር ከሰል ቆፋሪዎች አብሯቸው የሚሠራውን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው ይላል። በዓለም ያሰራጩት አሜሪካኖች ናቸው አሉኝ። ይጻፉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ «ልጄ፣ እነሱ እኔንም ‹አንተስ ከየት አወቅኸው› ቢሉኝ ምን እላለሁ?» ብለው አነሱኝ። አልተቀየምኋቸውም።

ወንድምዓለም፣ የወዛደር ቃል ነው ብለህ ጻፍልኝ! ከሰል ቆፋሪዎቹን አስቀድም፣ አሜሪካኖቹን ተዋቸው። የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት ማኅተም አስመታበት። ስምህን ካዩ አንተንም መፈለጋቸው አይቀርም፤ አምሐ አፉን የዘጋው ለዚሁ ነው። አንዱን ወንድሜን አወጣ ብዬ ሌላውን ላስገባ ነው። ጻፍ ማለቱም አትጻፍ ማለቱም አቃተኝ፤ አንተው ፍረድ። ፖስታ ቤቱን ስለፈራሁ ቢያዝን የሚባለው ነጋዴ ይህን ደብዳቤ በእጁ ይሰጥሃል፤ አንብበህ አቃጥለው።

ሙሉነሽን ሳምልኝ። ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ዓባይ ማዶ ያለችው አክስታችን ወለተ ሩፋኤል እንደምን ነህ ብላሃለች። የእናታችንን ሰላምታ ግን ልልክልህ አልቻልሁም፤ እንደጻፍሁልህ አታውቅም፤ «ክንዱ እንዳይሰማ» ብላ አስምላኛለች።

እህትህ የሺመቤት
ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1970 ዓ.ም.