የአዋላጇ የግራ እጅ ሥዕሎች
ውድ ጓደኛዬ፣ ክፍል ያከራዩኝ እማማ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ በየማለዳው በግራቸው አንድ ሥዕል ይሥላሉ። ዛሬ የቤታቸውን ቁልፍ ሲሥሉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ መስመሩ ተንሻፈፈባቸው።

«አይደግሙትም?» አልኳቸው።

«የዛሬው ይኸው ነው። አምሯል ወይ እያልኩ ብጨነቅ ገና ድሮ ትቼው ነበር» አሉና ቀኑን ጽፈው ካርቶን ውስጥ ከተቱት።

የመጀመሪያዎቹን አሳዩኝ፤ ዶሮ የጫራቸው ይመስላሉ። የዛሬው ቁልፍ ግን መስመሩ ቢንሻፈፍም አንሱኝ አንሱኝ ይላል። እኔ አገር ቤት አንድ ስንኝ ስጽፍ ስሰርዝ ዓመት እንደፈጀሁ ታውቂያለሽ። እዚህ እሳቸውን አይቼ በአምስት ማለዳ አምስት ግጥም ጻፍኩ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ነጭናጫውን ወንድምሽንም ሰላም በዪልኝ። አምስተኛው ግጥም ስላንቺ ነው፤ ባያምርም እንዳለ ይዤልሽ እመጣለሁ።