አፍንጮ ድምፅ አወጣ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የአንገትሽ ቁስል ደረቀልሽ? እንቅልፍስ? ትራሱን ከፍ አድርጎ መተኛቱን ለመድሽው ወይስ እንደ ድሮሽ ጠዋት ስትነሺ መሬት ወርዶ ታገኚዋለሽ? እኔና እማዬ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ስለ ሕመሙ ለማውራት ግን አቅም አላነሳትም። የጎደልሽብን አንቺ ብቻ ነሽ፤ እሱንም በየምሳው ታስታውሰኛለች።

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት አንቺን ለማሳረፍ ብዬ ነው። በስልክ እኔ እለፈልፋለሁ፣ አንቺ በጥፍርሽ ታንኳኪያለሽ፤ አንዴ ከሆነ አዎ፣ ሁለቴ ከሆነ አይ። የዛሬው ወሬዬ ረጅም ስለሆነ ጥፍርሽ አይችለውም። ደግሞም ሁለቴ ከማንኳኳትሽ በፊት ተናግሬ መጨረስ የምፈልገው ነገር አለኝ።

ወሬው ስለ አሮጌው ኮምፒውተራችን ነው። አባዬ መሥሪያ ቤቱ ሊጥለው ሲል ተሸክሞ ያመጣው፣ ያ አፍንጮ የሚባለውን ጨዋታ እንጫወትበት የነበረው። እማዬ በአልጋ ልብስ ሸፍና ጓዳ ውስጥ የብርድ ልብስ መደርደሪያ አድርጋው ነበር። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ አወጣሁት። አቧራውን ጠርጌ ሰካሁት፤ ትንሽ አጉረመረመና ተነሳ! እኔ በየቢሮው እየዞርኩ የምጠግናቸው አዳዲስ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች እንዲህ ዓይነት ወኔ የላቸውም።

አፍንጮም እንዳለ አለ። ያው ባርኔጣው፣ ያው ከባርኔጣው የሚበልጥ አፍንጫው። ቁልፍ ሊለቅም ከድልድይ ድልድይ ይዘላል፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። ግን ዝም ብሎ ነው። ድሮም ዝም ብሎ ነበር እኮ፤ ማሽኑ የድምፅ ካርድ ስላልነበረው ድምፁ እኛ ነበርን። ዜማው ያንቺ፣ ዝላይና ውድቀቱ የኔ። አንቺ ከኋላዬ ወንበሩን ተደግፈሽ ስታንጎራጉሪ፣ እኔ ሲዘል ሆፕ፣ ሲወድቅ ጩቧ እል ነበር። አባዬ ይህ ዕቃ ድምፅ የለውም ብለው የሰጡኝ ሰዎች እስቲ መጥተው ይስሙት እያለ ጋዜጣውን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣ ነበር።

ያን ቀን ታዲያ አፍንጮ በጸጥታ ሲዘል እያየሁ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። እውነተኛው ድምፁ ምን ዓይነት ይሆን? ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ምን ዜማ ሰጥተውት ነበር? ካንቺው ጋር ይመሳሰል ይሆን ወይስ ጭራሽ አይገናኝም? ታውቂኛለሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከገባብኝ ሳላውቅ አርፌ አልቀመጥም።

ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሰፈር ሄድኩና አንዱን ነጋዴ የድሮ የድምፅ ካርድ አለህ ወይ አልኩት። ምን ያህል የድሮ አለኝ። ለመሸጥ ያፈርክበትን ያህል አልኩት። ከተሰባበሩ ራዲዮኖች ሥር እጁን እስከ ብብቱ ከትቶ አንድ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ጎትቶ አወጣ። በአንድ ጠርዟ ላይ ወርቅማ ጥርሶች ተደርድረዋል። ትሠራለች ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ድሮ ትሠራ ነበር ብሎኝ አረፈ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ወደድኩት።

ቤት ወስጄ ጥርሶቿን በላጲስ ፈገፈግኳቸው። እንዳትገረሚ፣ እኛ ጥገና ሰዎች ለዛገ ሰሌዳ መድኃኒታችን ላጲስ ነው። አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮችም፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ቆርቆሮዎች፣ ነበሩባት፤ እነሱን ነቅዬ ከሞተ ፕሪንተር ላይ በወሰድኳቸው ተካሁ። ከዚያ ማሽኑን ከፍቼ ሰካኋትና አስነሳሁት። ገና ሲነሳ ድርቅ አለ። አጥፍቼ ባስነሳውም ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ማሽን ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ዋናውን አንጎል የሚጠራበት የየራሱ ቁጥር አለው። ሁለት ዕቃ በአንድ ቁጥር ከተጣሩ አንጎሉ ለማን አቤት እንደሚል ግራ ይገባውና ዝም ይላል። የዛሬ ኮምፒውተሮች ቁጥሩን ራሳቸው ተስማምተው ይከፋፈላሉ። የድሮዎቹን የምታስታርቂው ግን በእጅሽ ነው። ካርዷ ላይ ቀጫጭን ሚስማሮች ቆመዋል፤ የምስር ፍሬ የምታህል የፕላስቲክ ቆብ ከአንዱ ነቅለሽ ሌላው ላይ ታጠልቂያለሽ፣ ያኔ ቁጥሩ ይቀየራል። የኔዋ ካርድ ከማን ጋር ተጣልታ ባገኛት ጥሩ ነው? ከፕሪንተሩ ጋር! ዕድሜዬን ሙሉ ከፕሪንተር ጋር ስታገል ኖሬ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ቆቧን ልቀይር ስል ደግሞ ከእጄ አምልጣ ጠፋች። ምንጣፉን ገልብጬ፣ ሶፋውን አንስቼ ስፈልግ ቆይቼ በመጨረሻ እማዬ በባዶ እግሯ ረግጣ አገኘችልኝ። ስለ ጉልበቷ ማውራት ትታ ስለ ተረከዟ ጀመረች።

ቁጥሩ ከተቀየረ በኋላ ማሽኑ መድረቁን ተወ። ድምፅ ግን የለም። የካርዷ መሞከሪያ ዲስክ ስለሌለኝ የምፈትናት በአፍንጮ ብቻ ነበር። ስፒከሩን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ የተጠራጠርኩትን ብየዳ ሁሉ ደግሜ በየድኩ። በየቅዳሜውና በየእሁዱ አንድ ነገር እሞክራለሁ፣ ጨዋታውን እከፍታለሁ፣ አፍንጮ ዝም ብሎ ይዘላል። እማዬ ምናልባት የሚለው የለው ይሆናል እስከማለት ደረሰች።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ የማሽኑ ቆርቆሮ ጠርዝ ቀኝ ጠቋሚ ጣቴን ከፈተው። እማዬ የአንድ ቤተሰብ ፋሻ ጠቀለለችብኝና ጣቴ የእንጨት ማንኪያ አከለ። በማግስቱ ከምሳ በኋላ በግራ እጄ ልሞክር ተቀመጥኩ። ጨዋታው ገና ሲጀመር ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚመጣው ጥያቄ ትዝ ይልሻል? ድምፅ ይኑር ወይ ነው የሚለው፤ ለአዎ ዋይ፣ ለአይ ኤን። ልጆች ሆነን አንዴ ዋይን ተጭነን ማሽኑ በመድረቁ አባዬ ኤን ብቻ ብሎ ሕግ አወጣብን። በግራ እጄ ፊደሏን ስፈልግ ነው እንግዲህ ጥያቄውን ያነበብኩት። እትዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ካርዷ ደህና ነበረች! በተጠየቅኩ ቁጥር አይ ስል የነበርኩት እኔው ነኝ። ጣቴ ለምዶበት፣ ጥያቄውን ሳላየው ቀድሞኝ ይመልስ ነበር። ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፤ መሥሪያ ቤት ቢሰሙ መፍቻዬን ይቀሙኛል።

ዋይን ተጫንኩ። ዜማው መጣ። ማበጠሪያ ላይ ወረቀት አድርገን እንነፋው የነበረውን አስቢ፤ እንደዚያ የሚነዝር፣ ቀጭን፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ ነው። እማዬ ጭልፋዋን እንደያዘች እየሮጠች መጥታ ንብ ገባ እንዴ አለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። ዜማው አጭር ነው፤ ትንሽ ሄድ ይልና ተመልሶ ያንኑ ይላል፣ ድልድዩ ላይ እንኳን አይቀየርም። ያንቺው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቀስ ይል ነበር፣ እኔ ተረጋግቼ እንድዘል ብለሽ። ውድቀቱማ ጭራሽ ጩቧ አይደለም። ቲው ነው። ቲው! ያን ሁሉ ዓመት ጉሮሮዬን የሰነጠቅኩት ለቲው ኖሯል። ተቀይሜ አጠፋሁት። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩና ደግሞ ከፈትኩት። ከዚያም ደግሞ። ቀስ እያለ ጆሮዬ ንዝረቱን ተወና አፍንጮን ብቻ መስማት ጀመረ። አመሻሽ ላይ እማዬን ሳህን እያጠበች ስታንጎራጉረው ያዝኳት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጅሽ ነግራኛለች፤ አደራ እንዳትቆጫት፣ ጨንቋት ነው። ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምናሽ በኋላ ሐኪም ቤት የሰጡሽን፣ አንገት ላይ አስደግፈው የሚናገሩበትን መሣሪያ አንዴ ሞክረሽ፣ የወጣውን ድምፅ ስትሰሚ አጥፍተሽ የካልሲ መሳቢያሽ ውስጥ ከተሽዋል አለችኝ። ይህ የሰው ድምፅ አይደለም ብለሽ ወረቀት ላይ ጻፍሽላት አለች። ከዚያ ወዲህ የንግግር ሐኪሟ ዘንድ መሄድ ትተሻል። ሱቅሽም ውስጥ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ ተቀምጠሽ ደንበኛ ሲገባ ልጅሽን ወደ ፊት ትገፊያለሽ። አንቺ! አንድ ሜትር ጨርቅ ሊገዛ የመጣን ሰው የቤቱን መጋረጃ በሙሉ አስቀይረሽ የምትሸኚው! ሐኪሟ አሁን ካልተለማመደች ዝምታውን ትለምደዋለች ማለቷንም ነግራኛለች። ይህን የሰማሁ ዕለት ነው ኮምፒውተሩን ከጓዳ ያወጣሁት። እውነት ነው ወይ ብዬ በስልክ ስጠይቅሽ አንዴም ሁለቴም አላንኳኳሽም።

ድምፅሽ እንደሄደ አውቃለሁ። አልቅሼበታለሁም፤ አንድ ቢሮ ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ ስነፋረቅ፣ ሰዎቹ ቀለሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ ብለው ውሃ አመጡልኝ። እኔ ያንን ድምፅ እወደው ነበር። አንቺን ግን ከሱ ጋር አብሬ አልሸኘሁሽም፣ ልሸኝሽም አልፈልግም። የመሣሪያው ድምፅ የሚነዝር ቢሆንም፣ እማዬ ንብ ገባ ብትልም፣ እኔ ግድ የለኝም። ጆሮ ይለምዳል፤ በራሴ ሞክሬ ነው የምነግርሽ።

የምለምንሽ ይህን ነው። ያንቺን ዜማ ማሽኑ ውስጥ ላስገባው ፈልጌያለሁ። ድምፆቹን አንድ በአንድ እየደረደርሽ የምትጽፊበት ፕሮግራም አግኝቻለሁ፤ አንቺ ትሰጪዋለሽ፣ ካርዷ ትጫወተዋለች። መጀመሪያውን ጽፌዋለሁ፣ ጥሩ ሆኗል። ድልድዩ ላይ ስደርስ ግን ጠፋኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደነበር ብል ብሠራ አልመጣልህ አለኝ፤ ከአንቺ በቀር የሚያውቀው ሰው ደግሞ በዓለም ላይ የለም። መሣሪያው ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደማይሆንለት ልጅሽ ነግራኛለች። የቱ ጋ እንደሚፈጥን፣ የቱ ጋ ቀስ እንደሚል ካሰማሽኝ የቀረውን እኔና ካርዷ ተጋግዘን እናገኘዋለን።

እሁድ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ። ከካልሲዎቹ መሐል አውጪልኝ። ስለ ድምፁ አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ ድልድዩ ይህ ነው ወይ ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ካልሆነልሽ ሁለቴ አንኳኪና ዝጊው፣ አልቀየምም። በሚቀጥለው እሁድ መልሼ እደውላለሁ።

ፈጣሪ ቁስልሽን ያድርቅልሽ፣ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ። ሱቅሽን የገበያ ያድርግልሽ፣ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እማዬ ሁለቱንም ጉንጮችሽን ስማሻለች፤ እኔም ከሷ በተረፈው ቦታ ስሜሻለሁ።

ጩቧ ባዩ ታናሽ ወንድምሽ

ማሳሰቢያ፦ እማዬ ይህን ደብዳቤ አንብባ ስትጨርስ ብዕሩን ስጠኝ ብላኝ ነበር፣ አልሰጠኋትም። ኮምፒውተሩን ፈትቼ ስሠራ ድልድዩንም፣ ከድልድዩ ወዲያ ያለውንም፣ አንድ ሳላስቀር ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉረው እንደምውል ልትጽፍልሽ ብላ ነው። ጆሮዋ እንደ ድሮው አይደለም፤ አትመኛት።