የእንክብሉ ነገር

ጎፋ፣ ጥር 15 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለኖላዊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእህትህ የሄርሜላ ሕፃን መዳህ ጀምራለች።

ጀርመን ላይ ለጉበትህ አዲስ መድኃኒት፣ መርፌና እንክብል፣ ከሚሞከርባቸው ሰዎች ጋር መመዝገብህን የጻፍክልኝን ደብዳቤ ፋርማሲ ለሚሠራው ለሲራክ አሳየሁት።

«መርፌውን ሁሉም ይወጋሉ» አለኝ። «እንክብሉ ግን ለግማሾቹ እውነተኛ፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ነው። ለማን የትኛው እንደደረሰው ሐኪሞቹም አያውቁም።»

«እውነተኛው በምን ይታወቃል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አንዳንዱን ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል፤ ደረጃ ሲወጣም ትንፋሽ ያጥረዋል።»

አንተ ግን በየደብዳቤህ «እንክብሉ ምንም አላደረገኝም» ትላለህ። እኔ እንዳልጨነቅ ብለህ ይሆናል። እስቲ ልጄ፣ አትደብቀኝ፤ ትንሽ እንኳ አያሳክክህም? ፎቅ ስትወጣስ መሃል ላይ ቆም አትልም?

እሑድ ሀና ማርያም ሄጄ የተሳልኩትን ለሄርሜላ ብነግራት፣ «እማዬ፣ ለገዛ ልጅሽ ማሳከክ ትለምኛለሽ?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን አቅፋኝ አለቀሰች።

እመቤቴ ባለህበት ትጠብቅህ። ሁላችንም በናፍቆት ስመንሃል። መልስህን ቶሎ ላክልኝ፤ ደግሞ የጥፍርህን ርዝመት ተጠንቀቅ፣ ካሳከከህ ቆዳህን እንዳትልጠው።

እናትህ ብርነሽ