ወተቴ እንዳይደርቅ

ጥቅምት 8
ከወለድኩ ወዲህ ዛሬ ገና ብዕር ያዝኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ገንፎ፣ አጥሚት፣ ምክር... አጥሚቱ ይሻላል። ልጅቷ ትንሽ ጠብታ ተኛች። እማዬ ልታርሰኝ ከእንጦጦ ወርዳ እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከትማለች። አባዬ ግን እስካሁን ብቅ አላለም። "ላሟን ማን ያልባት ብሎ ነው" አለችኝ። አባዬ? ለላም ብሎ የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ሳያይ? እንጃ።

ጥቅምት 11
ኤጀታ ስልኬን ወሰደው። "ለአራስ ዓይን ጥሩ አይደለም" ይለኛል። ባሌ ከመቼ ጀምሮ የዓይን ሐኪም ሆነ?
እማዬ ጠዋት ጠዋት ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ትወጣለች፣ ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች። የታመመች ጎረቤት አለች አሉ። ማናት? "አታውቂያትም።" የኔን ሰፈር ሰው እኔ ሳላውቅ እሷ አወቀችው? ሊጠይቁኝ የመጡት ሴቶችም ሳሎን ውስጥ ያንሾካሹካሉ። ስገባ ዝም።

ጥቅምት 13
ልጅቷ ጡቴን ትይዛለች፣ ትስባለች፣ ትተወዋለች፣ ታለቅሳለች። ወተቱ አልወርድ አለ። ጤና ጣቢያ ሄድን። ክብደቷ ቀንሷል። ሲስተር ባርኮት ሳጠባ አየችኝና "አያያዝሽ ጥሩ ነው፤ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?" አለችኝ። እማዬ ቀድማኝ "ምን ያስጨንቃታል! በእንክብካቤ ነው ያለችው።"
በዚሁ ከቀጠለች የጣሳ ወተት ይጨመርላታል ተባለ። ይጨመርላት፤ ልጄ ትኑርልኝ እንጂ በምን ጠገበች አልልም። ግን የሚያስጨንቀኝ ነገር ነበር... ለምን አልተናገርኩም?

ጥቅምት 14
አባዬ ሞቷል።
ማንም አልነገረኝም። ግን የሀገሬን ሰው አውቃለሁ፤ ለአራስ መርዶ አይነገርም፣ ወተቷ ይደርቃል ይላሉ። አክስቴ እየሩስ የወንድሟን ሞት የሰማችው ልጇ ዳዴ ማለት ሲጀምር ነው። ስልኩ፣ ሹክሹክታው፣ የእማዬ የቀላ ዓይን... ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እንባዬን እየዋጥኩ ዋልኩ። የልጄን ፊት ማየት አቃተኝ። ወተት ጠብ አላለም።

ጥቅምት 15
በቃኝ አልኩ። እማዬ እንደወጣች ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ፣ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ልጄን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ኤጀታና እማዬ ተከታትለው ገቡ። ፔርሙሱ ከእማዬ እጅ ወደቀ።
"ምን ሆነሻል አንቺ?"
"አባቴን ልቅሶ ተቀምጫለሁ። እናንተ ካላረዳችሁኝ ራሴን አረዳሁ።"
"በስመ አብ! አባትሽ ምን ሆነና! በሕይወት አለ እኮ!"
"እትዬ ዘውድነሽ፣ በቃ ይንገሯት" አለ ኤጀታ።
ከራጉኤል ሲወርድ አንሸራቶት እግሩ ተሰብሯል። ኦፕራሲዮን ሆኖ ሆስፒታል ተኝቷል። ሾርባው የእሱ ነበር። "ወተትሽ እንዳይደርቅ ብለን ነው" አለች እማዬ እያለቀሰች። "ታዲያ ምን ያደረቀው መሰላችሁ?" ብዬ ጮህኩባቸው። እንዲህ ጮሄባቸው አላውቅም። ደስ ሲል!
ስልኬን ተቀብዬ ደወልኩ።
"ሰጊ? እግሬ እንጂ አፌ አልተሰበረም። እነሱ ግን አታውራት ብለው አፌንም በጀሶ አሰሩት።"
አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሰደብኩት። ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ደረቴን ሞቀኝ፣ ቀሚሴ ራሰ። ልጅቷን አስጠጋኋት። ያዘች። ስትውጥ ይሰማል!
"ምንድነው የሚሰማኝ?" አለ አባዬ።
"የልጅ ልጅህ ምሳ እየበላች ነው።"

ጥቅምት 16
ጠባች። ተኛች። ጠባች።

ጥቅምት 22
ጨመረች! ሲስተር ባርኮት ሚዛኑን ሁለቴ አየችው። የጣሳ ወተቱ ቀረ። እዚያው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ እልል አልኩ። አራስ ለራሷ እልል ትላለች እንዴ? እኔ ብያለሁ። ወረፋ የያዙት እናቶችም ተቀበሉኝ።

ኅዳር 5
ጠዋት ሳጠባ እማዬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "አንድ ነገር ልንገርሽ" አለች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። ግን ጀመረችው።
"ሐኪሙ... አባትሽ ከእንግዲህ ያለ ክራንች አይሄድም አለ።"
አለቀስኩ። ያንን ሁሉ ዳገት እንዴት አድርጎ... እማዬ ወሬ አልቀየረችም፣ አይዞሽ ብላም አላፈነችኝም። አብራኝ አለቀሰች። ዓይኗ ግን ጡቴ ላይ ነበር። መቼ ይደርቅ ይሆን ብላ ስትጠብቅ አየኋት።
ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። አንደኛውን ጨረሰችና ሁለተኛውን አምጡ ብላ ጮኸች።