ለሐሙስ የታዘዘው ሥዕል

ወንድምዓለም፣

ስልክህ አይነሳም። ሥዕል በቃኝ፤ አጎቴ ዘንድ አናጢነት ልማር ሄጃለሁ። ብሩሾቹን ጣልልኝ። ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ጠበቅ አድርገህ ዝጋው።

የሟች ፎቶ ሲያመጡልኝ ስም እንደማልጠይቅ ታውቃለህ፤ ዓይንም የምስለው መጨረሻ ላይ ነው። «ሥራህ ሬሳ ሬሳ ይሸታል» እያልክ ስትስቅብኝ እቀየምህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ የአንድ ጎረምሳ የቆየ ፎቶ አመጣ። «ለለቅሶ ቤት ነው፤ ለሐሙስ ይድረስልኝ» አለኝ። ልብሱን፣ አንገቱን፣ አፉን ጨረስኩ። ዛሬ ጠዋት ቅንድቡ ላይ ስደርስ ያንተን ጠባሳ አገኘሁት።

ነገ ሐሙስ ነው። እዚህ እንዳታድር።

ሰውዬው ሲወጣ፣ «አብሮህ የሚኖረው ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

ይቅር በለኝ። ነግሬዋለሁ።