ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን

ይድረስ ለልጄ፤ አንተ ደህና ከሆንክ እኔ ምን እሆናለሁ።

ሰፈራችን በቤት ተጨናንቋል፤ ቧንቧው ግን ያው የድሮው ነው። ውሃ በሁለት ቀን አንዴ ከቦኖ እንቀዳለን። እኔም ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ትቼ ባለ አምስቱን ይዣለሁ፤ ለአንድ ሰው ምን ያንሳል? የቦኖዋ ጠባቂ "እማማ፣ ተራዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ" ብላ ወንበር ታወጣልኛለች፤ አሞላቅቃኛለች።

መንገዱም ተመችቶኛል። አዲሶቹ ቤቶች ደረጃ ስላላቸው አረፍ እያልኩ እመለሳለሁ። ባለቤቶቹን በስም አላውቃቸውም፤ ደረጃዎቻቸውን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የማርፍባቸው ባለፈው ወር ሦስት ነበሩ፤ አሁን ሰባት ደርሰዋል።

ፈቃድ ካገኘህ ክረምቱ ሳይገባ ና፤ መንገዱ ሳይጨቀይ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም። ባለ ሃያውን ጀሪካን አጥቤ ከበሩ ጀርባ አስቀምጬልሃለሁ።

በናፍቆት የምትስምህ፣
እናትህ