ለአራት ሙያ ሦስት ዕጣ

ሰኔ ፱፣ ረፋድ

የልብን ጓዳ መርምሮ በሚያውቅ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም፤ ደብተሬ ሆይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ኪዳን አድርሼ ተመለስሁ። ዝናቡ አላባራም። የጭላሎ ተራራ ዛሬም በጉም እንደ ተሸፈነ ነው። ከደቀ መዛሙርቱ የመጡት ሦስት ብቻ። ለሁለት ጌቶች ስለ መገዛት የተነገረውን እየተረጎምን ሳለ የልጅ ልጄ ሰላማዊት ከዩኒቨርሲቲው መጥታ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ ብርሃን። ትርጓሜው እዚያው ተቋረጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ፈጽማለች። አሁን ት/ክፍል ትመርጣለች። ለሐኪምነት ውጤቷ በጥቂት ጎደለ፤ የቀረቡላት አራት ናቸው፤ ነርስነት፣ ፋርማሲ፣ ላብራቶሪ፣ ማደንዘዣ። ወሩ ሳያልቅ ቅጹን መሙላት አለባት።

እናቷ ወርቅነሽ፣ ልጄ፣ አርቦዬ ከተማ እህል ትነግዳለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ከሰላማዊት በታች ሦስት ልጆች አሉባት። በስልክ የነገረችኝ አጭር ነው፤ የተሻለ ገቢ የሚያስገኘውን እርስዎ አጠያይቀው ይወስኑላት፣ ታናናሾቿን የምታግዘኝ እርሷ ናት። እኔ ከገበያተኛ በቀር ማንን አውቃለሁ፣ አለች። እኔስ ከመጽሐፍ በቀር ማንን አውቃለሁ?

ሰላማዊትን የትኛውን ትወጃለሽ አልኋት። ማደንዘዣ፣ አለች። በቀዶ ሕክምና ጊዜ በሽተኛውን የሚያስተኛው ሰው ሥራ ነው አለችኝ። ማስተኛትም ሙያ ሆነ? እኔም ስሰብክ አስተኛለሁ፣ አልኋት።

«እርስዎ ያስተኙት ‘አሜን’ ሲባል ራሱ ይነቃል፣ አባባ። እኛ ማንቃትም አለብን።»

ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀረ። ምን እንደሆነ አላወቅሁትም።

ሰኔ ፲፣ ከሰዓት

በጋሪ ወደ ጤና ጣቢያው። ሲ/ር አበባን አገኘሁ፤ የንስሐ ልጄ ናት፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ በነርስነት የሸበተች። ስለ ገቢ ስጠይቃት ሳቀች፤ ከቄስ አልጠበቀችውም። እርሷ እንደምትለው የመንግሥቱ ደመወዝ ሲጀመር ብዙ አይራራቅም፤ የሚለያየው ከደመወዙ ውጭ ያለው ነው። ነርስ ተረኛ ሆና ስታድር ይታሰብላታል፤ ቢዘገይም ይመጣል። ዳሩ ግን እግር ያልቃል። ወገቧን ይዛ አሳየችኝ።

«የኔታ፣ ልጅቱን ፋርማሲ ያስገቧት። እዚያ የሚቆመው ደንበኛው ነው።»

ልቤ ወደ ፋርማሲ አዘነበለ። ማታውን ተደላድዬ ጸለይሁ።

ሰኔ ፲፩

ወደ አቶ ከድር መድኃኒት ቤት ሄድሁ። አባቱ ወዳጄ ነበር። «አባ ኬኛ!» ብሎ ወንበር ሳበልኝ፤ አባታችን ማለቱ ነው። ጉዳዬን ነገርሁት። መደርደሪያውን በእጁ እያሳየ፣ ፋርማሲ ሀብት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን እንጂ ብድሬን አላዩም አለኝ። ተቀጥሮ ለሚሠራ ከመንግሥት የተሻለ ይከፈለዋል፤ ግን ከጧት እስከ ማታ ከባንኮኒ ጀርባ ነው። የራስን ለመክፈት ካፒታል ይፈልጋል። ስለዚህ ላብራቶሪ ትግባ፤ ሥራው ከማሽን ጋር ነው፣ ማሽን አይጨቃጨቅም።

አንድ ነጭ ጋወን የለበሰ ጎልማሳ መድኃኒት ሊገዛ ቆሞ ኖሮ ሳቁን መግታት አቃተው። የላብራቶሪ ሰው ነው።

«ጋሼ ከድር፣ ማሽኑ ሲበላሽ ከማን ጋር እንደምጨቃጨቅ አንድ ቀን መጥተው ይዩ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባቴ፣ ነርስ ትሁን። ተረኝነቱ ያዋጣታል» አለኝ።

ነርሷ ወደ ፋርማሲ፣ ፋርማሲው ወደ ላብራቶሪ፣ ላብራቶሪው ወደ ነርስ። ዞሬ ዞሬ ከተነሣሁበት ደረስሁ።

ሰኔ ፲፪፣ ቅዱስ ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ

የሰማንያ ቀን ሕፃን አጠመቅሁ። አባትየው ዳዊት ይባላል፤ ሆስፒታል ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። ሳልፈልገው መጣልኝ። ልጅቱን ታቅፎ ሳለ ጠየቅሁት።

በመንግሥት ቤት ከሌሎቹ አይለይም አለ። ነገር ግን ባለሙያው ጥቂት ስለሆነ የግል ሆስፒታሎች ይሻሙበታል፤ በየቀዶ ሕክምናው ይከፈላል። ባለሙያዎቹ ግን አዳማና አዲስ አበባ ናቸው፤ እዚህ አሰላ የሚከርም ጥቂት ነው። ከአራቱ የቱ ይሻላል ስለው ሌላውን ያላመሰገነ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። የእኛው ይሻላል አለ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«አንድ ነገር ይወቁ፣ አባ። በሽተኛው ሲድን የሚመሰገነው ቀዶ ሐኪሙ ነው። እኛ የምንታወሰው ሰው ሳይነቃ የቀረ ዕለት ነው።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለፊኛዬ ሕመም በተኛሁ ጊዜ የቀደደኝን ሐኪም ስም እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሣለሁ። ያስተኛኝን ግን? ከራስጌዬ የቆመ ሰው ነበረ። ቍጠሩ አለኝ፤ በግእዝ ጀመርሁ፤ ሠለስቱ ላይ ጠፋሁ። ስሙን አልጠየቅሁም። አዳምን አስቀድሞ ያስተኛው፣ ከዚያም ጎኑን የከፈተው ፈጣሪ ራሱ እንደሆነ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ይህ ሙያ ከገነት የተነሣ መሆኑን ግን አላስተዋልሁም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ለምን?

ሰኔ ፲፫

አእምሮዬ እንደ አንድምታ ሆነብኝ። አንድም፣ ነርስነት ያዋጣል፣ ሥራ አይታጣምና። አንድም፣ ፋርማሲ ያዋጣል፣ ሰው መታመሙን አይተውምና። አንድም፣ ላብራቶሪ፤ አንድም፣ ማደንዘዣ። በመጽሐፍ ላይ አንድም ሲበዛ ምሥጢር ይሰፋል። በገቢ ላይ ሲበዛ ራስ ያዞራል።

የሐዋርያት ጾም ላይ ነን። እነርሱ በይሁዳ ፈንታ ማንን እንደሚተኩ በተቸገሩ ጊዜ ጸልየው ዕጣ አወጡ። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ሱባዔ እንያዝ፣ ዕጣው በመቅደስ ይክረም፣ የወጣውን ትሞያለሽ አልኋት። መስቀሌን ተሳለመች።

«እሺ አባባ። እርሱ ያለውን።»

ፈጥና እሺ አለችኝ። አምናኛለች።

ሰኔ ፲፬፣ ከመምሸቱ በፊት

ዕጣዎቹን ጻፍሁ። ነርስነት። ፋርማሲ። ላብራቶሪ። አንድ ልክ አድርጌ አጠፍሁ፤ በነጭ ጨርቅ ቋጠርሁ፤ ከመንበሩ ግርጌ አኖርሁ።

አራተኛውን አልጻፍሁም። ወረቀት አነሰኝ አልሁ። ወረቀት ሞልቶ ነበር።

ኃላፊነቱ ከባድ ነው፣ ሰው ሳይነቃ ቢቀርስ፣ ልጅ ናት፣ ለራሴ ያልሁት ይህን ነው። ሌላ ምክንያትም አለ። ዛሬ አልጽፈውም።

ሰኔ ፲፰

ሱባዔው አምስተኛ ቀኑ። ሰላማዊት ከእኔ ይልቅ ጠንክራለች፤ ከቆሎና ከውኃ በቀር አትቀምስም። የብቅል ፋብሪካው ሽታ በነፋስ ሲመጣ ሆዴ ይጮኻል። እርሷ ትስቅብኛለች። ስትስቅ ዓይኗን ማየት አልቻልሁም።

ሰኔ ፳፩፣ የእመቤታችን፣ ከቅዳሴ በኋላ

ወጣ።

ጨርቁን መገበሪያ በሚጋገርበት በቤተ ልሔሙ ደጅ ፈታሁት። አማተበች፤ አንዱን አነሣች። ፋርማሲ። አነበበችው፤ ራሷን ነቀነቀች። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። ያን ጊዜ እጇን ዘርግታ የቀሩትን ሁለቱን አነሣች። ይህን አላሰብሁም ነበር። አንዱን ፈታች። ሌላውን ፈታች። ጨርቁን ገልብጣ አራገፈችው። ምንም አልወደቀም።

«አባባ፣ እግዚአብሔር ያልቀረበለትን እንዴት ይመርጣል?»

ዐርባ ዓመት መጻሕፍት ያስተማርሁ ሰው ጫማዬን ማየት ጀመርሁ።

አልተቆጣችም። ወረቀቶቹን አጥፋ ወደ ጨርቁ መለሰች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሰኔ ፳፫

ዛሬ መጣች። ሽሮ ሠራችልኝ፤ ውኃ ቀዳች። ስትሰናበተኝ «ደኅና ይዋሉ፣ የኔታ» አለችኝ። የኔታ! ተማሪ ሁሉ የኔታ ይለኛል። ከሰው ሁሉ መካከል አባባ የምትለኝ እርሷ ብቻ ነበረች።

ፋርማሲን በስልኳ አስቀድማ ሞልታለች። ለምን ስላት፣ ዕጣው በታቦቱ ፊት ከርሞ የለምን አለችኝ። እስከ ፳፯ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ በአካል ቀርቦ መለወጥ ይቻላል። እርሷ ግን አልለውጥም ትላለች።

ብታምፅ በቀለለኝ። ታዘዘች። በእኔ ሐሰት ላይ ታዘዘች።

ሰኔ ፳፬፣ ማታ

ደብተሬ ሆይ፣ ያልጻፍሁትን ምክንያት እነሆ። ዳዊት ‘አሰላ የሚከርም ጥቂት ነው’ ያለ ዕለት ፈራሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እሑድ እሑድ የዚህን ቤት ዝምታ የምትሰብረው ሰላማዊት ናት። ነርስ ብትሆን ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። ፋርማሲ ብትሆን ከድር ቅርብ ነው። ስለ ገቢ ስጠይቅ ከረምሁ እንጂ በልቤ የመዘንሁት ርቀት ኖሯል። ወርቅነሽ የጠየቀችኝ ሌላ፣ እኔ የመለስሁት ሌላ።

አሁንስ? ዕጣ ይሻር ብል መቅደሱን መድፈር ይሆንብኛል። ይጽና ብል ደግሞ ሐሰቴን በታቦት አጸናሁት። እንደገና እናውጣ ብል ፈጣሪን መፈታተን ነው። ወዲህም አንድም፣ ወዲያም አንድም። ግራ ገባኝ።

ሰኔ ፳፭

ለወርቅነሽ ደውዬ ሁሉን ነገርኋት። ከወዲያ በኩል የገበያ ጫጫታ ነው፤ ጮኼ መናገር ነበረብኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ንስሐዬን ሰማ።

«እርስዎም ይዋሻሉ እንዴ አባዬ?» አለች። ቀጥላ፣ እሺ፣ ለመሆኑ ከአራቱ የሚያስገኘው የትኛው ሆነ አለችኝ። እውነቱን ተናገርሁ፤ በሰማሁት መጠን፣ ያስቀረሁት።

«እርሷ የምትፈልገውስ?»

ያው ያስቀረሁት፣ አልኋት።

«ታዲያ ምን ያከራክራችኋል?» ብላ ኪሎ የሚያሳስታትን ደንበኛ ልትቆጣ ስልኩን ዘጋችው።

ለካስ ክርክሩ የእኔና የእኔ ነበር።

ሰኔ ፳፮

አስጠራኋት። መጣች። እንዳትቆም ብዬ ከጎኔ አስቀመጥኋት። እንዲህ አልኋት። ዕጣ ዕጣ የሚሆነው ሁሉ ሲገባበት ነው። እኔ አንዱን በር ዘግቼ ፈጣሪን ‘በወደድኸው ግባ’ አልሁት። ያ ዕጣ አይደለም፤ የእኔ ፈቃድ ነው፣ መጎናጸፊያ የለበሰ። አያስርሽም። በደሉ የእኔ፣ ንስሐውም የእኔ። ይቅር በዪኝ።

ከእግሯ ልወድቅ ከወንበሬ ልነሣ ስል ቀድማኝ ጉልበቴን ያዘች።

«ተዉ እንጂ፣ አባባ!»

አባባ አለችኝ።

ለምን እንዳስቀረሁት ጠየቀች። ርቀሽ እንዳትሄጂብኝ አልኋት። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

«አዳማን እኮ ኢየሩሳሌም አደረጓት! በሚኒባስ ጧት ሄዶ ማታ መመለስ ነው። ደመወዝ ሳገኝ ደግሞ የመጀመሪያው ለታናናሾቼ ነው፤ ሁለተኛው ይህ ጣሪያ ይለወጥበታል። የሚያፈስበትን ባልዲ ደብቀው አላየሁትም መሰልዎ?»

አይታዋለች ማለት ነው።

ሰኔ ፳፯፣ ማለዳ

ሰማዩ ተገልጦ ጭላሎ ታየ። ዛሬ አብሬአት ሬጅስትራር እሄዳለሁ። ፋርማሲው ይነሣል፤ ማደንዘዣ በአንደኛ ተራ ይገባል። ለምን ትለውጫለሽ ቢሏት አያቷ ዕጣ ማውጣት አያውቅም ብዬ እኔ እመልሳለሁ። ከዚያ ወደ ንስሐ አባቴ፤ የሚሰጡኝን ቀኖና በደስታ እቀበላለሁ። ከዛሬም ጀምሮ በጸሎቴ፣ ከቀዶ ሐኪሙ ስም ቀጥሎ፣ ‘ስሙን የማላውቀውን፣ ከራስጌዬ የቆመውንም’ እላለሁ።

ከአራቱ በርግጥ ማን የበለጠ እንደሚያገኝ ግን ዛሬም አላውቅም። ዳዊት አንድ ሰው ነው፤ ዘመንም ይለወጣል። ብትጎዳስ? አላውቅም። ከእርሱ በቀር የጠየቅሁት ሁሉ የጎረቤቱን ማዕድ አይቶ ነገረኝ።

ከእኔ በኋላ ይህን ደብተር የምትገልጥ ሆይ፣ ማን እንደሆንህ ባላውቅም፣ እግዚአብሔር ቤትህን ከማፍሰስ፣ ልብህን ከመዝጋት ይጠብቅ። ልጆችህ ርቀው ቢሄዱ መንገዱን ያሳጥርልህ፤ የተኛውን ቤተሰብህን ሁሉ በሰላም ያንቃልህ።

ባጃጁ ደጃፍ ደርሷል። ሰላማዊት፣ አባባ ቶሎ፣ እያለች ነው። ብዕሩን ላስቀምጥ።